«ኮታችን ለኬንያ ተሰጠ?»፦ ስለ አጎዋና ስለ ልብስ ቀረጥ ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነበሩ። የሚሠሩበት ድርጅት አጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ሀገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥ ለቅቆ ወጣ። አሁን ከእህታቸው ጋር ሆነው በጥቂት ማሽን ቲሸርት እየሰፉ ወደ ውጭ ለመላክ አስበዋል። እንዲህ ይላሉ፦ «አንዳንዱ የኢትዮጵያ ኮታ ለኬንያ ተሰጥቷል፣ ብንመለስም ቦታ አናገኝም ይለኛል። ሌላው አጎዋ ከኮታ ነፃ ነው፣ ምን ኮታ አለና ይላል። የቱ ነው ትክክሉ? ደግሞስ አሁን ወደ አሜሪካ መላክ ጨርሶ ተከልክሏል ማለት ነው?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የኢትዮጵያ የሚባል ኮታ አልነበረም፤ ስለዚህ ለኬንያም ለሌላም አልተሰጠም። መላክም አልተከለከለም። የቆመው ልብሳችን ያለ ቀረጥ መግባቱ ነው። ሁለቱም ወሬኞች የያዙት የእውነት ቁራጭ አለ። ነገሩን ካላጠሩት ግን በተሳሳተ ሒሳብ ሥራ ሊጀምሩ ወይም ያለ ምክንያት ሊተዉት ስለሚችሉ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከኮታው ልጀምር። አጎዋ በሜይ 2000 ሲፈረም ለአፍሪካ ልብስ ከቀረጥ ነፃ በር ከፈተ። በዚያው ሕግ ግን የነፃነቱን መጠን የሚገድብ ጣሪያ አስቀመጠ። ጣሪያው የሚሰላው አሜሪካ በዓመት ከመላው ዓለም ከምታስገባው ልብስ ጠቅላላ መጠን ነው። መጀመሪያ ከ1.5 በመቶ ተነሥቶ በስምንት ዓመት ወደ 3.5 በመቶ እንዲደርስ ነበር የታሰበው። በ2002 ሕጉ ሲሻሻል መድረሻው 7 በመቶ ሆነ። በዚህ ውስጥ ደግሞ ከሌላ ሀገር በመጣ ጨርቅ ለሚሰፋ ልብስ የተለየ ንዑስ ጣሪያ አለ፤ እሱ 3.5 በመቶ ነው።

ይህ ጣሪያ በሀገር የተከፋፈለ አይደለም። ለኬንያ ይህን ያህል፣ ለሌሶቶ ይህን ያህል፣ ለኢትዮጵያ ይህን ያህል የሚል ሠንጠረዥ በሕጉ ውስጥ የለም። ሁሉም ከአንድ ማዕድ ነው የሚቆርሰው። ቀድሞ አሜሪካ ጉምሩክ የደረሰ ቀድሞ ይቆጠርለታል። ቆጠራው በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ከዜሮ ይጀምርና ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል።

የሚቆጠረውም በገንዘብ ሳይሆን በጨርቅ ስፋት ነው። አንድ ደርዘን የጥጥ ቲሸርት 6 ካሬ ሜትር ተብሎ ይያዛል። አንድ ደርዘን የጥጥ ሱሪ 14.9 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ እርስዎ 10,000 ቲሸርት ቢልኩ ከጣሪያው ላይ የሚነሣው 5,000 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ጣሪያው ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ሞልታው አታውቅም። ቦታ አጣን የሚለው ስጋት እዚህ ላይ ያበቃል።

ቢሞላ እንኳ ልብሱ ከወደብ አይመለስም። ከጣሪያው በላይ የሆነው ማንኛውም ሀገር የሚከፍለውን መደበኛ ቀረጥ ከፍሎ ይገባል። «አጎዋ ከኮታ ነፃ ነው» የሚሉትም ከዚህ አንጻር ልክ ናቸው፤ አትግባ የሚል ገደብ የለውም።

ታዲያ «የሀገር ኮታ» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? በሙያው ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች የሚያስታውሱት ሌላ ዘመን ስላለ ነው። ከ1974 እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ንግድ የሚመራው መልቲ ፋይበር በሚባለው ስምምነትና በተከታዩ ነበር። በዚያ ጊዜ ኮታ የምር ግድግዳ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ለእያንዳንዱ ላኪ ሀገር፣ ለእያንዳንዱ የልብስ ዓይነት የዓመት ቁጥር ይቆርጡ ነበር። አሜሪካኖቹ የወንድ የጥጥ ሹራብ ሸሚዝን 338፣ የወንድ የጥጥ ሱሪን 347 እያሉ በቁጥር ነበር የሚጠሩት። የአንድ ሀገር 347 ከሞላ የሚቀጥለው ኮንቴይነር እስከ አዲሱ ዓመት ወደብ ላይ ይቀመጣል።

ያኔ ኮታ ራሱ ዕቃ ሆነ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፋብሪካዎች የኮታ ድርሻ እርስ በርስ ይገዛዙ ነበር። የባንግላዴሽ የልብስ ኢንዱስትሪ አነሣሥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች የራሳቸው ሀገር ኮታ ሲጠብባቸው ገና ያልተገደበ ሀገር ፍለጋ ወጡ። ዴዉ የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴሽ ከሚባል የባንግላዴሽ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ከመቶ በላይ ሠራተኞችን ኮሪያ ወስዶ አሠለጠነ። ከእነሱ ብዙዎቹ ኋላ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ላኪዎችን ለመገደብ የወጣ ሕግ ባላሰበው ሀገር ኢንዱስትሪ ወለደ ማለት ነው።

ያ ሥርዓት ጃንዋሪ 1, 2005 ሲያበቃ የቻይና ልብስ እንደ ጎርፍ ገባ። በዚያው ክረምት አውሮፓ በችኮላ አዲስ ገደብ ጣለች። ከ70 ሚሊዮን በላይ ልብስ ወደቦች ላይ ታግዶ ከረመ። ገዢዎቹ የከፈሉበትን ሹራብና ሱሪ ማውጣት አቃታቸው። አሜሪካም ከቻይና ጋር ተዋውላ እስከ 2008 የሚቆይ ኮታ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ግድግዳ በልብስ ላይ የለም። አንድ ሰው «ኮታችን ተወሰደ» ሲልዎ በአእምሮው ያለው ያ የቀድሞው ሥርዓት ነው።

ዋናው ነገር ግን ኮታው አይደለም። የአጎዋ ትልቁ ልዩ መብት የነበረው ጨርቁ ላይ ነው። ስለዚህ ነገር በአደባባይ የሚወራው ትንሽ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመሠረቱ የአሜሪካ ሕግ «ልብሱ ብቻ ሳይሆን ጨርቁም፣ ክሩም ከአሜሪካ ወይም ከአፍሪካ ይሁን» ነው የሚለው። ከቻይና ወይም ከህንድ ጨርቅ አምጥቶ እዚህ ሰፍቶ በነፃ ማስገባት በመደበኛው ደንብ አይቻልም ነበር። ለድሃ ሀገሮች ግን ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። በ1998 የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከ1,500 ዶላር በታች የነበሩ ሀገሮች ጨርቁን ከፈለጉበት አምጥተው መስፋት ይችላሉ ተባለ። ደቡብ አፍሪካ በዚህ አልተካተተችም። ቦትስዋናና ናሚቢያ ከመስመሩ በላይ ቢሆኑም በ2002ቱ ማሻሻያ በስም ተጠቅሰው ገቡ። ኢትዮጵያ ያለ ጥርጥር ውስጥ ነበረች።

እርስዎ ፓርኩ ውስጥ ሲሠሩ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ የየት ሀገር ስም እንደሚነበብ ያስታውሱ ይሆናል። ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ሐዋሳ፣ ተቆርጦ ተሰፍቶ እንደገና ወደ ጅቡቲ። ይህ ሁሉ ምልልስ የሚያዋጣው በዚያ ፈቃድ ነው። ሕጋዊ ምልክቱም አንዲት ማኅተም ነበረች። በዋናው ኢንቮይስ ፊት ለፊት በሰማያዊ ቀለም የምትመታ ክብ ማኅተም። በውስጧ ዘጠኝ ሆሄና አኃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያው አኃዝ ልብሱ በየትኛው መደብ ነፃ እንደሚሆን ይናገራል። ከውጭ ጨርቅ የተሰፋ ከሆነ 5 ነው። ቀጥሎ የሀገሪቱ መለያ ሁለት ሆሄ፣ ከዚያ ስድስት አኃዝ ያለው ተራ ቁጥር። ያቺ 5 ቁጥር ከሌለች ከቻይና ጨርቅ የተሰፋው ሸሚዝ ሙሉ ቀረጡን ይከፍላል።

በነገራችን ላይ 9 ቁጥር በእጅ ለተሸመነና ለባህል ልብስ የተለየ መደብ ነው። በዚህ የሚገባ ልብስ ከላይ ያልኩት ጣሪያ አይቆጠርበትም። ነገር ግን ሀገሩ የትኞቹ ሥራዎች በዚህ መደብ እንደሚገቡ አስቀድሞ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር መነጋገር አለበት። ለሸማኔዎቻችን ትልቅ በር ሊሆን የሚችል ነበር። እንደ ፋብሪካው ሥራ ትኩረት አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጨርቁ ፈቃድ ከመጀመሪያው ጊዜያዊ ነበር። መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር 2004 ብቻ ነበር የተሰጠው። ከዚያ ወደ 2007፣ ወደ 2012፣ ወደ 2015፣ ከዚያም እስከ ሴፕቴምበር 30, 2025 ተራዘመ። በ2012 ኮንግረሱ ያጸደቀው ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ነው። እስከዚያ ገዢዎች ትእዛዝ ይቀንሱ ጀምረው ነበር። የልብስ ገዢ ትእዛዝ የሚሰጠው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር አስቀድሞ ነው። ሕጉ ሳያልቅ ትእዛዙ ያልቃል።

የእኔ አቋም እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሐዋሳ በ2016 ተመረቀ። ቦሌ ለሚ፣ ኮምቦልቻና መቀሌም ፓርክ ተሠራላቸው። ሼዶቹ አሪፍ ናቸው፤ ሠራተኞቹም ተማሩ። ነገር ግን የጨርቅ ፋብሪካው ከስፌቱ እኩል አልተገነባም። ጊዜያዊ ፈቃድ የተሰጠው ሀገሮች እስኪያድጉ ጨርቅ መሥራት እንዲለማመዱ ነው። እኛ ግን ፈቃዱን እንደ ቋሚ መሠረት ቆጠርነው። ዋጋውን የከፈሉት እንደ እርስዎ ያሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ይህ ሊነገር ይገባዋል።

አሁን የጠፋውን በገንዘብ እንየው። የጥጥ ቲሸርት ወደ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። የጥጥ ሱሪ 16.6 በመቶ። ከፖሊስተርና ከመሰል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ቲሸርት ግን 32 በመቶ ነው። አሜሪካ ቀረጡን የምታሰላው በዕቃው የመሸጫ ዋጋ ላይ እንጂ የመርከብ ጭነቱን ጨምራ አይደለም።

ጅቡቲ መርከብ ላይ 2 ዶላር የሚያወጣ የጥጥ ቲሸርት እንውሰድ። ቀረጡ 33 ሳንቲም ነው። ትንሽ ይመስላል። በ10,000 ቲሸርት 3,300 ዶላር ይሆናል። በ2019 በወጣ ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የአንድ ኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ በ10,000 ቲሸርት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ብቻውን የ126 ሰው የአንድ ወር መነሻ ደመወዝ ነበር። ርካሽ ጉልበት አለን ስንል የኖርነው ሁሉ በዚህ ቀረጥ ተበላ። በፖሊስተሩ ቲሸርት ቢሆን ደግሞ 64 ሳንቲም ነው፤ በዚያ ዋጋ ማንም ገዢ አይቀመጥም።

የሆነውም ይኸው ነው። ኖቬምበር 2, 2021 የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የተነሣ የሰብዓዊ መብት መስፈርቱን ጠቅሶ ኢትዮጵያን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ጊኒና ማሊም በሌላ ምክንያት አብረው ተሰረዙ። ውሳኔው ጃንዋሪ 1, 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ቀረጥ የሚከፈለው ዕቃው በሚገባበት ቀን ባለው ሕግ ነው እንጂ በተጫነበት ቀን አይደለም። ከጅቡቲ አሜሪካ ለመድረስ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በኖቬምበር የሚሰፋው ልብስ ከወዲሁ ቀረጥ የተቆረጠበት ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በዚያው ኖቬምበር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ውሳኔው ገና ሥራ ላይ ሳይውል ነው። ከዚያ በፊት በ2020 ኢትዮጵያ በአጎዋ በኩል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ትልክ ነበር።

ኬንያ ተጠቀመች ወይ? አንዳንድ ትእዛዝ ወደዚያ፣ ሌላውም ወደ ሌሎች ሀገሮች ሄዶ ይሆናል። ያ ግን የገዢ ምርጫ ነው። ገዢው 16.5 በመቶ ሳይከፍል የሚያሰፋበት ቦታ ፈለገ እንጂ ማንም ድርሻ ቆርጦ ለኬንያ አልሰጠም።

መመለስስ ይቻላል? ተመልሰው የገቡ አሉ። ማዳጋስካር ከ2009ኙ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ በ2010 ወጣች፤ በ2014 ተመለሰች። የልብስ ሥራዋም ዳግም አንሠራርቶ ከክፍለ አህጉሩ ትልልቅ ላኪዎች አንዷ ሆነች። ስዋዚላንድ ከ2015 መጀመሪያ እስከ 2017 መጨረሻ ወጥታ በ2018 ተመልሳለች። ሲመለሱ ልብሳቸው እንደገና ከቀረጥ ነፃ ሆነ፤ «ቦታችሁ ተይዟል» የተባለ የለም። ለዚህ ነው ስለ ኮታ መጨነቁን ይተዉ የምልዎ።

ሩዋንዳ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። የራሷን የልብስ ሥራ ለማሳደግ ብላ በ2016 በሰልባጅ ልብስ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። የአሜሪካ የሰልባጅ ነጋዴዎች አቤት አሉ። በጁላይ 2018 የሩዋንዳ ልብስ ብቻ ከአጎዋ ነፃነት ታገደ። አንዱ ወገን ሰጥቶ ራሱ ብቻውን መልሶ የሚወስደው መብት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ስምምነት ቢሆን ኖሮ የሚከራከሩበት ቦታ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ ልምጣ። ወደ አሜሪካ መላክ ይችላሉ፤ ቀረጡን ከፍለው። በዚህ በኩል ከባንግላዴሽና ከቬትናም ላኪ ጋር ለመደበኛው ቀረጥ እኩል ነዎት። እነሱ ግን ጨርቁ ደጃቸው ላይ አለ፤ ወደባቸውም ቅርብ ነው። በርካሽ ቲሸርት ከእነሱ ጋር አይግጠሙ። በኤፕሪል 2025 ደግሞ አሜሪካ በመደበኛው ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የተነገረው 10 በመቶ ነው። ይህ ክፍል ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ስለሆነ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት የዚያን ሳምንት ተመን አሜሪካ ካለው ገዢ ወይም የጉምሩክ አስተላላፊ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ዘመድ ወዳጅ በሚያገናኝዎት በኩል ለአሜሪካ ሐበሾች በትንንሽ ጥቅል ለመላክ ካሰቡም አንድ ነገር ይወቁ። ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ከኦገስት 29, 2025 ጀምሮ ታግዷል። ብዙ የሐበሻ ልብስ ሻጮች በዚያ ነበር የሚሠሩት።

ጨርቅ ሲመርጡ ቅይጡን ይመልከቱ። ቀረጡን የሚወስነው በክብደት የሚበልጠው ክር ነው። 55 በመቶ ጥጥና 45 በመቶ ፖሊስተር ያለው ቲሸርት እንደ ጥጥ ተቆጥሮ 16.5 በመቶ ይከፍላል። ድርሻው ቢገለበጥ 32 በመቶ ነው። በዓይን ቢያዩዋቸው ልዩነታቸው አይታወቅዎትም። ከጨርቅ ነጋዴው የቅይጡን መጠን የሚገልጽ ወረቀት ሳይቀበሉ አይግዙ።

እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ፊቴን የማዞረው ወደ አውሮፓ ነው። «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥም ያለ ኮታም ይገባል። ልዩ መብት የሌለው ሀገር ቲሸርት ላይ 12 በመቶ ይከፍላል። የጨርቁ ነገርም ቀሏል፤ ከ2011 ወዲህ ጨርቁ ከየትም ይምጣ፣ እዚህ ከተሰፋ የኢትዮጵያ ልብስ ተብሎ ይቆጠራል። አጎዋ ለጊዜው ይሰጥ የነበረው ፈቃድ እዚያ በመደበኛው ደንብ ውስጥ አለ። የወረቀቱም ሥራ ለትንሽ ላኪ የሚከብድ አይደለም። የዕቃው ዋጋ ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ ላኪው ራሱ በኢንቮይሱ ላይ የስሪት ሀገር መግለጫ ጽፎ መላክ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሬክስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የላኪዎች መዝገብ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ ጭነትዎን ከ6,000 ዩሮ እንዳይበልጥ አድርገው ያቅዱት። በ3 ዩሮ ሒሳብ 2,000 ቲሸርት ማለት ነው። ለጥቂት ማሽን በቂ ሥራ ነው። መግለጫው ቃል በቃል መጻፍ ያለበት የተወሰነ አነጋገር ስላለው ከራስዎ አይጻፉት፤ ከገዢው ጉምሩክ አስተላላፊ ይቀበሉና ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይገልብጡት። የጨርቁን የግዢ ደረሰኝና ልብሱ እዚህ ተቆርጦ መሰፋቱን የሚያሳየውን መዝገብም አይጣሉ፤ የአውሮፓ ጉምሩክ ዓመታት ቆይቶም ሊጠይቅ ይችላል።